ላሜራው ላይ የፈጠጡት ዓይኖች

በዚህ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ከዘበኛው እስከ ፕሬዚዳንቱ ድረስ፣ የቀለም ቤተ ሙከራውን ችግር የፈታ አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ማስተርስ የሚማረው ሞክሮ አልሆነለትም፤ ዶክትሬት ያለውም መላው ጠፍቶበት ነበር። ስድስተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ጋር ተኳርፌ የቀረሁት እኔ ፈታሁት። ጉራ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ አዎ ጉራ ነው፤ ውሸት ግን የለበትም። እስከ መጨረሻው አንብቡና ፍረዱ።

ቤተ ሙከራው ከኬሚካል ምሕንድስና ሕንፃ ሥር፣ ምድር ቤት ውስጥ ነው። በሩ ላይ "የሽፋንና የፖሊመር ቁሶች" ይላል። ሽፋን ማለት ቀለሙም ቬርኒሹም፣ ብረትና እንጨት ላይ ተቀብቶ የሚደርቀው ሁሉ ነው። ፖሊመሩን ደግሞ ፕሮፌሰሩ ለአዲስ ተማሪዎች ሲያስረዱ መወልወያዬን ተደግፌ ከበሩ ጀርባ ሰምቻለሁ። እጅ ለእጅ ተያይዞ የቆመ ረጅም ሰልፍ አስቡ ይላሉ፤ ፈሳሽ የነበረው ነገር እጅ ለእጅ ሲያያዝ ይጠጥራል፣ ብረቱም ላይ ይቀራል። ያን ቀን ቤት ገብቼ ለእማዬ የራሴን ሐሳብ አስመስዬ አስተማርኳት። ልብስ እየሰፋች ሰማችኝ፣ ሰማችኝና፣ "እና አንቺ ከሰልፉ የቱ ጋ ነሽ?" አለችኝ። ወሬ ቀየርኩ።

የትም የለሁበትማ። የእኔ ሥራ ብርጭቆ ማጠብ፣ ወለል መወልወልና ላሜራ ማጽዳት ነው። የመጨረሻዋን ግን አትናቋት። መዳፍ የምታክል የብረት ላሜራ ቀለም ከመቀባቷ በፊት በብርጭቆ ወረቀት ትፈተጋለች፣ ቅባት በሚያነሳው አሴቶን ትታጠባለች፣ በንጹሕ ጨርቅ ትታበሳለች። ከዚያ ልክ እንደ ሙሽራ፣ ማንም ሳይነካካት፣ ጫፏን ብቻ ተይዛ ወደ መርጫው ክፍል ትገባለች። ሌሎቹ አንዳንዴ በባዶ እጃቸው ያነሷታል። እኔ ግን ያለ ጓንት ላሜራ ነክቼ አላውቅም። ይሄን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ፣ ባልመለስበት ደስ ይለኝ ነበር እንጂ።

ሥራው ውስጥ ያስገባችኝ እህቴ ናት። እትዬ ነው የምላት፤ አንድም በዕድሜ በጣም ስለምትበልጠኝ፣ አንድም ስትቆጣ እማዬን ስለምታስንቅ። እዚያው ቤተ ሙከራ የማስተርስ ተማሪ ናት። ከጉሎ ዘይት፣ በየጓሮው ከሚበቅለው ጉሎ፣ ብረት እንዳይዝግ የሚከላከል ሽፋን ትሠራለች። መሥራቱንስ ሠርታ ጨርሳ ነበር። የቀራት ሽፋኑን ላሜራ ላይ ረጭታ የጨው ሣጥኑ ውስጥ መክተት ነው። የጨው ሣጥኑ ጨዋማ ጭጋግ የሚነፋ የተዘጋ ሣጥን ነው፤ ባሕር በዓመታት ብረት ላይ የሚያደርሰውን በሳምንታት ያደርሳል። በዩኒቨርሲቲው ያለው አንድ ብቻ ስለሆነ በተራ ነው። የእትዬ ተራ ሰኞ ነበር። ሰኞ ላሜራዎቿን ካላስገባች ሣጥኑ ለሌላ ተማሪ ይሰጣል፣ እሷም ዘንድሮ አትመረቅም። ዘንድሮ ካልተመረቀች ደግሞ ክፍሉ ያቆየላት የመምህርነት ቦታ ለሌላ ሰው ይሄዳል። እትዬ ልጅ ሆና ራሱ ወንበር ደርድራ ወንበሮቹን ስታስተምር ነው ያደገችው። ከወንበሮቹ መሀል አንዷ እኔ ነበርኩ ትላለች እማዬ፤ ዝም ብዬ የምቀመጠው ያኔ ብቻ ስለነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ዩኒቨርሲቲ መዋል ከጀመርኩ ወዲህ ፀጉሬን መንከባከብ ጀምሬያለሁ። በቅርቡ ደግሞ ፀጉርን እንደ መስታወት የምታበራ ትንሽ ጠርሙስ አግኝቼ ነበር። ጋውኔን ለብሼ፣ ፀጉሬን ለቅቄ በግቢው ውስጥ ሳልፍ ከኋላ ያየኝ ሰው የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው የሚለኝ። ከፊት ያየኝ ባልዲውን ያያል፤ እኔ ግን ፈጠን ብዬ ነው የምሄደው።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። እትዬ የመጀመሪያዎቹን ላሜራዎች ረጨች። ሽፋኑ ብረቱ ላይ እንደ ውሃ ተንጣሎ አበራ። ደስ ብሎን ስናይ መሀሉ ላይ አንዲት ነጥብ ተከፈተች። ክብ ናት፤ ጠርዟ እንደ ከንፈር አብጧል፤ ከውስጧ ባዶው ብረት ያፈጣል። ቀጥሎ ከጎኗ ሌላ ተከፈተች፤ ከዚያም ሌላ። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን ራሰ በራቸው ላይ ሰቅለው ጎንበስ አሉና፣ "የዓሣ ዓይን" አሉ፣ የሞተ ዘመድ እንዳገኘ ሰው በሐዘን። ሙያው ውስጥ እንደዚያ ነው የሚባለው። ብረቱ ላይ ለዓይን የማይታይ ጠብታ ቅባት ካለ ቀለሙ ከእሱ ይሸሻል፣ የሸሸበትም ቦታ ዓይን ሆኖ ያፈጥባችኋል። ዓይን ያወጣ ላሜራ ደግሞ የጨው ሣጥን ውስጥ ቢገባ በዚያችው ቀዳዳ ይዝጋል እንጂ ስለ ሽፋኑ ምንም አይናገርም።

እትዬ አሴቶኑን ቀየረች። ዓይን። ጨርቁን ቀየረች። ዓይን። ሽፋኑን እንደ አዲስ በጠበጠች፣ አጠለለች፣ መርጫውን ፈትታ አጠበች። ዓይኖቹ እንዲያውም ዘመድ አዝማድ ይዘው መጡ። ሁሉንም ነገር ቀየረች ነው የምላችሁ። ቤት ስንገባ ሾርባ ቀርቦላት ማንኪያዋን እንደያዘች ትቀራለች፤ ጠጋ ብዬ ሳይ ሾርባው ላይ የተንሳፈፉትን የዘይት ክቦች ነው የምታየው። እማዬ ሳህኑን ቀስ ብላ አነሳችና ዳቦ ሰጠቻት።

እኔ ታዲያ እህቴ እንዲህ ሆና ዝም የምል ሰው ነኝ? መርማሪ ሆንኩ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ኮምፕረሰሩን ነው። የመርጫውን አየር የሚሰጠው እሱ ነው፣ ሆዱ ውስጥ ደግሞ ዘይት አለ። ኮምፕረሰሩን የሚንከባከቡት የቤተ ሙከራው ቴክኒሻን ናቸው። ከማሽኑ ጋር ከመዋላቸው የተነሳ ሁሉም ሰው ጋሼ ኮምፕረሰር ነው የሚላቸው፤ ማሽኑን ልጄ ይሉታል። በሻይ ሰዓት፣ ተማሪው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ኮምፕረሰሩ ዘይት እየተፋ እህቴን ሊያስቀራት ነው ብዬ ተናገርኩ። ጋሼ ሻያቸውን አስቀመጡ። ሄደው ማሽናቸውን ብሎን በብሎን ፈቱት፣ ገጠሙት፣ ከዚያ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ይዘው አየሩን እየነፉ ሻይ ሰዓት እስኪያልቅ ቆሙ። ወረቀቱ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ከብርጭቆ ማጠቢያዬ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፉትና፣ "አንቺ ቀዥቃዣ፣ ይሄን እያየሽ እጠቢ" ብለውኝ ሄዱ። እስከ ዛሬ አለ፤ ጠርዙ ብቻ ትንሽ ቢጫ ሆኗል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ሽቶ ነው። ሽቶ የእትዬ የክፍል ጓደኛ ነው። ሽቶው ከእሱ ቀድሞ በር ስለሚያንኳኳ ነው ስሙን ያገኘው። እኔን ደግሞ "ዶክተር" ይለኛል፣ በተለይ ባልዲ ይዤ ሳልፍ። ፀጉሩን በጄል ያስተኛዋል፣ እጁን ክሬም ይቀባል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከእትዬ ቀጥሎ የጨው ሣጥኑ ተረኛ ማን እንደሆነ ገምቱ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ሄጄ ለእትዬ ሹክ አልኳት። ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ፣ "እሱ ስረጭ መብራት የሚይዝልኝ ሰው ነው። አንቺ ምን ይዘሽልኛል?" አለችኝ።

"ላሜራውን ማን ይዞልሽ ነው?" አልኳት።

እውነት ብያለሁ። እንዴት ያለ እውነት እንደነበረ ግን ያኔ አልገባኝም።

ዓርብ ጠዋት መላው መጣልኝ። ፕሮፌሰሩ ኮሪደሩ ላይ ሲያልፉ መወልወያዬን ጥዬ ተከተልኳቸው። ሁላችንም አንድ አንድ ንጹሕ ላሜራ ላይ ጣታችንን ብናሳርፍ፣ ላሜራዎቹ ቢረጩ፣ ዓይን ያወጣው ያው ሌባው ነው አልኳቸው። እንደ ሽቶ ዓይነቱ ሰው በራሱ ጣት ይያዛል ማለቴ ነበር፣ ስሙን ግን አልጠራሁም። ፕሮፌሰሩ ቆም አሉ። ተማሪ ችግር ሲገጥመው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ውድ ማሽን ነው፣ አንቺ ግን የጠየቅሽኝ አውራ ጣት ነው አሉኝ። ይሄን በሰው ፊት ነው ያሉት። ቁመቴ ጨመረ፣ እውነቴን ነው፤ ጋውኑ አጠረብኝ።

አንድ ነገር ብቻ ቅር አለኝ። ለዚህኛው ሙከራ ላሜራዎቹን እኔ አጸዳለሁ አሉ፣ ራሳቸው። እኔ እያለሁ? ሽማግሌ ሰው ጎንበስ ብሎ ላሜራ ሲፈትግ ማየት ይከብዳል። ግን ዳኛ ስለሆንኩ ታገስኩ።

ተሰለፍን። ጋሼ ኮምፕረሰር በግራሶ የጠቆረውን አውራ ጣታቸውን በኩራት አሳረፉ፣ ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። ፕሮፌሰሩ አሳረፉ። እትዬ አሳረፈች። ሽቶ ክሬም የጠገበ ጣቱን አሳረፈና፣ "ዶክተር፣ ልክ ነኝ?" አለኝ። "ይታያል" አልኩት። የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ። ለደንቡ ያህል ነው እንጂ እኔንማ ማን ይጠረጥራል? ጓንቴን አጠለቅኩ፣ ፊቴ ላይ የወረደውን ፀጉሬን መለስ አደረግኩ፣ አውራ ጣቴን ፊርማ እንደሚያኖር ሚኒስትር ቀስ ብዬ አሳረፍኩ።

እትዬ በተራ ረጨቻቸው። የጋሼ ላሜራ ላይ ትንሽ ጥላ ቢጤ ታየ፣ ሽፋኑ ግን አለፈበት። የፕሮፌሰሩ ደህና። የእትዬ ደህና። የሽቶ ላሜራ፣ ዓይኔን ማመን ነው ያቃተኝ፣ እንደ ኩሬ ተንጣሎ ጥርት አለ።

ከዚያ የእኔ።

መጀመሪያ አንዲት ዓይን ተከፈተች፣ እንቅልፍ እንዳልጠገበ ሰው። ከዚያ ዙሪያዋ ያሉት ሁሉ ነቁ። አውራ ጣቴ ያረፈበት ቦታ ወንፊት ሆነ። ዓይኖቹ በሙሉ ወደ እኔ የሚያፈጡ መሰለኝ። ቀና ስል ደግሞ የሰዎቹም እንደዚያው ነው።

ላሜራው ተቀያይሯል አልኩ። አይ፣ ጓንቱ ነው የተበላሸው አልኩ። ፕሮፌሰሩ አዲስ ጓንት ከካርቶኑ አውጥተው ሰጡኝ፣ ሌላ ላሜራ አቀረቡልኝ። አጠለቅኩት፣ ነካሁት፣ ተረጨ። ጥርት አለ። አንዲትም ዓይን የለም።

"አያችሁ" አልኩ፣ ፀጉሬንም ወደ ኋላ መለስኩ።

ፕሮፌሰሩ እጄን በአየር ላይ ያዙት። "አሁን በዚህችው ጣት ይሄኛውን ንኪ፣ ልጄ" አሉኝ፣ እንደ ሐኪም በለሰለሰ ድምፅ። ነካሁ። እትዬ ረጨች። ዓይኖቹ ለመቁጠር የሚያበቃ ጊዜ አልሰጡኝም፤ እንደ ፈላ ወተት ብቅ ብቅ አሉ።

ፀጉርሽን ምን ትቀቢያለሽ ሲሉኝ ጠርሙሷን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ፕሮፌሰሩ ከኋላዋ ያለችውን ጉንዳን የምታክል ጽሑፍ በማጉያ መነጽር እያዩ፣ ግጥም እንደሚያነብ ሰው እየጣፈጣቸው አነበቡት። ዳይሜቲኮን የሚል ስም ላይ ሲደርሱ ቆሙና ፈገግ አሉ። ሲሊኮን ነው አሉን። ፀጉር ላይ ስስ ሆኖ ይለጠጣል፣ ያበራል፤ ብረት ላይ ግን ከእሱ ጋር አብሮ የሚተኛ ቀለም የለም፣ ሁሉም ይሸሸዋል። የአንዲት ፀጉር ቅባት ለብዙ ላሜራ ይበቃል። ጓንት ያደረገ እጅም ፀጉር ነክቶ ላሜራ ከነካ ያው ባዶ እጅ ነው፣ እንዲያውም ይብሳል፣ ባለቤቱ ንጹሕ ነኝ ብሎ ስለሚያምን። ጨምረውም፣ ይሄም እኮ ፖሊመር ነው አሉ። ያን ጊዜ የእማዬ ጥያቄ ትዝ አለኝ። ከሰልፉ የቱ ጋ ነሽ ብላኝ አልነበር? ሰልፉ ለካ አናቴ ላይ ነበር።

እትዬ አሴቶን ቀይራለች፣ ጨርቅ ቀይራለች፣ መርጫ አጥባለች። ያልቀየረችው አንድ ነገር እኔን ነው።

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። መርጫውን አስቀመጠች፣ ክንዴን ይዛ ወደ ብርጭቆ ማጠቢያው ወሰደችኝ፣ ጎንበስ በይ አለችኝ። በብርጭቆ ሳሙና አጠበችኝ። ልጅ ሆኜ እንደምታጥበኝ፣ ጆሮዬን በአውራ ጣቷ ደፍና። አንድ ጊዜ አጠበች፣ ደገመች፣ ሠለሰች። ውሃው ዓይኔ ውስጥ እየገባ ቀና ስል የጋሼ ነጭ ወረቀት ፊቴ ላይ ነበር። ጋሼ ራሳቸው በር ላይ ቆመው፣ ኮምፕረሰሬን ላምጣው፣ አየር ያደርቃታል ይላሉ። ሽቶ ከእጅ ክሬሙ በላይ ደግ ነው፤ የሚያስቅ ነገር አልተናገረም። መድኃኒት ቤት ሄዶ ሐኪሞች የሚያጠልቁትን የፀጉር ቆብ አንድ እሽግ ይዞልኝ መጣ።

ቅዳሜ እትዬ ላሜራዎቹን ብቻዬን አጸዳለሁ አለች። እኔ ከመስታወቱ በር ውጪ ቆሜ አየኋት። ፍጥነት የላትም። እሷ አንዷን ስትፈትግ እኔ ብሆን ስንቱን እጨርስ ነበር። በሩን እንዳላንኳኳ እጄን ብብቴ ሥር ወሸቅኩት። ደግሞም ፀጉሬን እንዳይነካ ነው፤ አመሉን እኔም አላምነውም። ቀኑ እየጋለ ሄደ፣ የላሜራው ክምር ግን አልጎደለም። ሰኞ ደግሞ በሩ ላይ ናት። በመጨረሻ እትዬ ላቧን በክንዷ ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ ቆብ የማጥለቅ ምልክት አሳየችኝ።

ቆቡን እስከ ቅንድቤ አወረድኩት። ስሠራ ሽቶ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እጄን ይጠብቅ ነበር፤ ወደ ላይ ከተነሳ ብርጭቆ በማንኪያ እንዲመታ ታዟል። ኧረ ስንቴ መታ። አፍንጫዬን ሲበላኝ እንኳ መታ። እሑድ የተረጩት ላሜራዎች ግን ዓይን የሚባል አላወጡም። ተንጣለው፣ ደርቀው፣ መስታወት ሆኑ። አንዷን ጫፏን ይዤ ስመለከት የሚያፈጥብኝ ነገር አየሁና ደነገጥኩ፤ ለካ የራሴ ዓይን ነው፣ ከቆቡ ሥር።

ሰኞ ጠዋት እትዬ የጨው ሣጥኑን ክዳን ከፈተች፣ ሽቶ ትሪውን ይዞላት ላሜራዎቹን ደረደረቻቸው። እያንዳንዷ ላይ በስለት መስቀል ጭራባት ነበር፣ ዝገቱ በጭረቱ ገብቶ ሽፋኑን ይልጥ እንደሆነ ለማየት። ሳምንታት አለፉ። ሲወጡ ጭረቱ ራሱ ዝጓል፣ ከጭረቱ ወዲያ ግን ዝገቱ አንድ እርምጃ አልሄደም። እትዬ ላሜራዋን በጣቷ ዳበሰቻት፣ ቀጥሎ ዞራ በጋውኗ እጅጌ ፊቷን ሸፈነች። ጋሼ ኮምፕረሰሩን ያለ ሥራ አስነሱት፣ ድምፁ ልቅሶዋን እንዲሸፍንላት።

የመመረቂያ ጽሑፏን ያቀረበች ቀን እኔና እማዬ ከኋላ ተቀመጥን። ፈታኞቹ ጠየቁ፣ እትዬ መለሰች። ለካ ስታስተምር እንዲህ ናት፤ እጇን ዘርግታ ስትናገር ወንበሮቹ ሁሉ ዝም ብለው ያዳምጣሉ። አለፈች። የመምህርነቱ ቦታም ጸና። ፕሮፌሰሩ ሲጨብጧት፣ ሽቶ ሲያቅፋት፣ እማዬ እልል ማለት አምሯት አፏን በእጇ ስትይዝ፣ እኔ በሰው መሀል እየተሽሎከሎክሁ ያ ወፍራም ጽሑፍ ያለበት ጠረጴዛ ጋ ደረስኩ። ሐሳቤ ግልጽ ነው። የአውራ ጣቱ ሙከራ የማን ነው? የእኔ ነው። ዓይኖቹ ከየት እንደመጡ እኔ ባልኖር እስከ ዛሬ ማን ያውቅ ነበር? እትዬ ምስጋና የሚለው ገጽ ላይ እኔን ካላነሳች ነውር ነው። ገለጥኩ። ፕሮፌሰሩ አሉ። ጋሼ አሉ። ሽቶ አለ። እማዬ እንኳ አለች፣ ስለ ሾርባው። እኔ የለሁም።

ጽሑፉን ይዤ እትዬ ጋ ሄድኩ። እንግዶቹ እየሰሙ ነው፤ እንዲሰሙም ነው የፈለግኩት።

"ያለ እኔ ይሄ ነገር ይፈታ ነበር?" አልኳት። "እስቲ ንገሪያቸው። እዚህ ሁሉ ገጽ ውስጥ እኔ እንዴት እጠፋለሁ?"

"ማን የለሽም አለሽ?" አለች እትዬ፣ ለፈታኞቹ በመለሰችበት በዚያው ረጋ ባለ የመምህር ድምፅ። "አለሽ እኮ። 'የብክለት ምንጮች' የሚለውን ገልጪው፤ ከቆሻሻ ጨርቁ ቀጥሎ ነሽ።"